ከባጃጅ የወረደው ሞተር

ረቡዕ፣ ጥር 13

ሞተሩ ወረደ። እጄ እስከ ክርኔ ግራሶ ነው፤ ይኼን ገጽ እያቆሸሽኩ ነው የምጽፈው። ይቆሽሽ።

ስሜነህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሞ አየኝ። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ባጃጁም የእሱ ነው። የፈታሁትን ቡሎን ሁሉ ከእጄ እየተቀበለ ጣሳ ውስጥ ይጨምራል፤ ጥርሱን ተነቅሎ ለቤቱ ይዞ የሚሄድ ሰው ይመስል። ባጃጅ በከተማው እንዳይንቀሳቀስ ከተባለበት ከመስከረም ወዲህ ሸራ ለብሶ ጓሮ ቆሟል። ሸራውን ስናነሣ ዶሮዋ የሾፌሩ ወንበር ላይ እንቁላል ጥላለች። ሚስቱ፣ ትርንጎ፣ እንቁላሉን አንሥታ በብርሃን አየችውና «ይኸው፣ ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያ ገቢው» አለች። እኔና እሷ ሣቅን። ስሜነህ አልሣቀም።

የሰጠኝ በአንድ ቃል ነው። «በቁልፍ የተፈታ በቁልፍ ይታሰራል። እሳት እንዳታስነካው። ብየዳ የሚባል ነገር እንዳልሰማ።» እሺ አልኩ። ምን ገዶኝ? ባጃጅ የተፈቀደ ዕለት እመልስልሃለሁ አልኩት። «የተፈቀደ ዕለት» ስል ዕለቱ ይመጣል ብሎ ያመነ ከመካከላችን አልነበረም።

ሞተሩን የምገጥምባት ጀልባ ጥርባ ሐይቅ ናት፤ አፋፉ ላይ፣ የሐይቁ ጎረቤት በሆኑት በጋሽ ቢረሳው ባሕር ዛፍ ሥር። ድሮ ለአንድ የወጣቶች ዓሣ አስጋሪ ማኅበር ተብላ ከባሕር ዳር በአይሱዙ መጣች። ማኅበሩ ተበተነ፣ የራሷ ሞተር የገባበት ጠፋ፣ እሷ ዝጋ ቀረች። ቀበሌው «ካስነሣሃት ሥራባት» ብሎኛል። በቃል ነው ያለኝ፤ ቢሆንም ብሎኛል።

ሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቄ ሁለት ክረምት እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ አንገቴ ደርቋል። እንጅባራ ውስጥ «ምነው ሥራ አልያዝክም?» ያላለኝ የቀረ ፈረሱ ብቻ ነው።

የቀረኝ፦ የጀልባዋ ወለል። የሞተሩ ማስቀመጫ። ዘንግ። ፕሮፔለር። ቤንዚን (ከየት?)። እሑድ አንዲት የከተማው ባለሆቴል ልታይ ትመጣለች፤ በሞተር የምትሄድ ከሆነች የማወጣውን ዓሣ በሙሉ እወስዳለሁ ብላለች። ስለዚህ እሑድ መሄድ አለባት።


ሐሙስ፣ ጥር 14

ውርጭ። ጠዋት ጀልባዋን ስነካት መዳፌ ላሜራው ላይ ተጣበቀ።

የብየዳ ማሽንና ጄኔሬተር ተከራይቼ በጋሪ አወጣሁ። ወለሏ ከሩቅ ሲያዩት ደኅና ነው፤ በመዶሻ ነካ ሲያደርጉት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። የበሰበሰውን ቆረጥኩ፣ አዲስ ላሜራ ጣልኩበት፣ በየድኩ። ዓይኔ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ከዚያ ፍተሻው። ባዶዋን ሐይቅ ላይ ጥለን ብታፈስ ማን ያወጣታል? ስለዚህ እንጨት ላይ አስቀምጬ ከውስጥ በውኃ ሞላኋት። የሚያፈስ ካለ ከውጭ ይታያል። ከቦኖው በጀሪካን ስመላለስ ጋሽ ቢረሳው በዱላቸው ተደግፈው ያዩኛል።

«ስማኝ ልጄ፣ አንተ ምናለ፣ ጀልባ ውኃ ላይ ትቀመጣለች ሲባል ነው የሰማሁት። ውኃ ጀልባ ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ካንተ ነው።»

«ፍተሻ ነው ጋሽ ቢረሳው። ውኃ ካላስወጣች ውኃ አታስገባም።»

ለባለቤታቸው በአዊኛ አንድ ነገር አሉ፤ ሁለቱም ተንከተከቱ። አዊኛ እሰማለሁ፣ እናቴ ስታወራው ነው ያደግሁት፤ ስመልስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ያሉት «የተማረ ልጅ ገንዳ ሠራልን» ነው። እኔም ሣቅሁ። ሦስት ቦታ ታለቅሳለች። ደፈንኩት። እንደገና ሞላሁ። ማታ ስሄድ አንዲት ጠብታ የለም።

እዚህ ላይ ልጻፈው፦ አንዲት ጠብታ የለም!


ዓርብ፣ ጥር 15

ሞተሩ ጀልባዋ ላይ ተቀመጠ። ማስቀመጫውን ከባሕር ዛፍ ወራጅ ሠራሁት፤ ሞተሩን አልቆረጥኩም፣ አልበየድኩም፣ ሁሉ በቡሎን። ፕሮፔለሩን ከወፍራም ላሜራ ባለ ሦስት ክንፍ አድርጌ ቆርጬዋለሁ። የሱፍ አበባ ይመስላል። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ አገኘሁ፤ ያመጣልኝ ልጅ እንደ ጠበል አቅፎ ነው ያመጣው።

የማስነሻውን ዘንግ ሳብኩ። ተነሣ! ማርሽ አስገባሁ።

ፕሮፔለሩን ከታች በርሜል ውኃ ውስጥ ነክሬዋለሁ። አልዞረም። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጭስ ይተፋል፣ ፕሮፔለሩ እንደ ታመመ ሰው ዝም።

ቁጭ ብዬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ልመታው ነበር። የባጃጅ ሞተር ኃይሉን ለሁለት የኋላ ጎማ ያካፍላል። መታጠፊያ ላይ የውጭው ጎማ ብዙ፣ የውስጡ ጥቂት እንዲዞር መሐል ላይ የሚያካፍሉ ትንንሽ ጥርሶች አሉት፤ ዲፈረንሻል የሚሉት። ጀልባዋ ግን ያላት አንድ ዘንግ ብቻ ነው። በሌላው በኩል ምንም የለም። አንዱ ሲከብደው ኃይሉን ሁሉ ምንም ላልተሸከመው ይሰጠዋል። ባዶው ወገን እየተሽከረከረ፣ ውኃ ውስጥ ያለው ይቆማል።

ይኼ ፈተና ላይ መጥቶልኝ ነበር። በሥዕል ሠርቼ ሙሉውን አገኘሁ። እዚህ ሦስት ቀን ስለፋ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ባዶውን ወገን ማሰር። ነገ በቡሎን አስረዋለሁ።


ቅዳሜ፣ ጥር 16

የመጀመሪያው ቡሎን ተቆረጠ።

ሁለተኛውም። ሲቆረጥ ጭንቅላቱ በጆሮዬ አጠገብ አለፈ፤ ጋሽ ቢረሳው ዱላቸውን ጥለው ተቀመጡ።

በትክክል የሚሠራበት መንገድ አለ፤ አውቀዋለሁ። ወፍራም ማነቂያ ያስፈልጋል፣ እሱን የሚቀርጽ ቶርኖ ያለው ደግሞ ዳንግላ ነው፣ ዛሬ ዘግቷል፣ ሰኞ ይከፍታል። ባለሆቴሏ ነገ ትመጣለች። ጀልባዋን ወደ ውኃው የሚያወርዱት ተሸካሚዎች ነገ ይመጣሉ። ስሜነህም ነገ ይመጣል። እንጅባራ ግማሹ ነገ ይመጣል፣ ለመሣቅ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዲፈረንሻሉን ከፈትኩትና ጥርሶቹን እርስ በርስ በየድኳቸው። አንድ ኤሌክትሮድ አልጨረስኩም። ውኃ ጠጥቼ እስክመለስ ቀዝቅዞ ነበር።

አሁን ፕሮፔለሩ ይዞራል። የበርሜሉን ውኃ ፊቴ ላይ ረጨው።

ባጃጅ አይፈቀድም። አይፈቀድም! ከመስከረም ጀምሮ «በሚቀጥለው ሳምንት» ሲባል ነው የከረመው። ቢፈቀድም ያን ጊዜ ሌላ ጥርስ እገዛለታለሁ፤ ዓሣ እየሸጥኩ። ለስሜነህ አልነግረውም፤ ሳይጠይቀኝ ለምን እነግረዋለሁ?


እሑድ፣ ጥር 17

ሄደች!

ከቅዳሴ መልስ ሰው ተሰበሰበ። አንዳንዱ ሰንበት ነው ብሎ እጁን አጣምሮ ቆመ። ጋሽ ቢረሳው «እሑድ ሥራ የለም፣ እውነት ነው። ግን ይኼ መቼ ሥራ ሆነ? ስትሄድ ካየን በኋላ ሥራ እንለዋለን» አሉና ነጠላቸውን አደግድገው መጀመሪያ ትከሻቸውን ሰጡ። ከዚያ ማን ይቀራል? ሞተሩ ለብቻው በሁለት ሰው፣ ጀልባዋ በወንዱ ሁሉ ትከሻ፣ በዚያ ቀጥ ባለ ቁልቁለት። «ቀስ! ቀስ! ሙሽራ ናት!» እያሉ። አንዱ ተንሸራቶ በመቀመጫው ግማሹን መንገድ ወረደ፤ እጁን ግን አልለቀቀም።

ውኃው ላይ ተቀመጠች። ሞተሩን አሰርኩ፣ ዘንጉን ሳብኩ፣ ማርሽ አስገባሁ። ወደ መሐል ይዛኝ ሄደች። የሐይቁ ግድግዳ ዙሪያውን ድምፁን መልሶ ይሰጠኛል፤ አሥር ባጃጅ የሚከተለኝ ይመስላል። ጮህኩ። ምን እንደጮህኩ አላውቅም።

ስሜነህን አሳፈርኩት። መሪውን ይዞ «ፍሬኑ የት ነው?» አለ። የለም አልኩት። «ጥሩምባስ?» የለም። «ታዲያ ትራፊክ ቢይዘን?» ሣቀ! በመስከረም የተዘጋ ፊቱ ዛሬ ተከፈተ። ዳር ስንደርስ ለቆሙት ሁሉ «ወንድሜ ነው የሠራት፣ ትንሹ» ይላል። ትርንጎ ልጇን አዝላ እያየችን ነበር፤ «እንግዲህ ዓሣ መሥራት ልማር ነው» አለች።

እንዲህ ተደስቶ ሳየው ነው ልነግረው ያሰብኩት። አፌን ከፈትኩ። «ጥሩ ነች አይደል?» አልኩት።

ከሰንበት ስንወጣ፣ ማምሻውን መረብ ጣልኩ። ባለሆቴሏ ነገ አምጣ ብላለች።


ሰኞ፣ ጥር 18

ቆሮሶ ዓሣ! ትልቅ ባይባልም ደኅና ነው፣ ሳፋ ሞላ። በመጣሁበት ሚኒባስ ውስጥ ይገላበጥ ነበር፤ ረዳቱ ለዓሣዎቹም ክፈል አለኝ። ባለሆቴሏ አገላብጣ አየችና «ነገም» አለች። ነገም! ይኼን ቃል የምሰማበት ቀን እንዲህ ይመጣል አላልኩም።

ከሆቴሉ ስወጣ የመናኸሪያው ልጆች ይጮኻሉ። ባጃጅ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ተፈቅዷል።

ቆምኩ። ሳፋው ባዶ ነው፣ እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ ጥር ነው፣ ሠርግ ነው፣ ለቅዳሜው የፈረሰኞች በዓል እንግዳ እየገባ ነው፣ ከመስከረም ወዲህ በእግሩ ሲሄድ ተረከዙ የነቃ ሕዝብ ነው። እኔ ብቻ ነኝ በከተማው የከፋኝ።

ስሜነህ ስልክ ሲሞክር ኔትወርክ እምቢ ብሎት በእግሩ ነው የመጣው። ሲሮጥ ካየሁት ስንት ዓመቴ። «ሰማህ? ሰማህ?» ትከሻዬን ይዞ ነቀነቀኝ። «በል አሁኑኑ እናምጣው። ሌሊቱን እንገጥመዋለን፣ ንጋት ላይ መናኸሪያ ነኝ።»

«መረብ ጥያለሁ» አልኩት። «አንድ ቀን ስጠኝ።»

«ምናለ፣ ጥር እኮ ነው! ዛሬ ያልሠራሁ መቼ ልሠራ ነው?»

አንድ ቀን ሰጠኝ። ሲሄድ ግን አልሮጠም፤ ዞር ብሎ አየኝ።


ማክሰኞ፣ ጥር 19

ጠዋት ሞተሩን ከጀልባዋ አወረድኩ። ጋሽ ቢረሳው ዳር ቆመው «ሄደ ማለት ነው?» አሉ። «የሰው ነው ጋሽ ቢረሳው።» አንዱን ጫፍ ተሸከሙልኝ።

ጋራዥ ወስጄ ከፈትኩት። ብየዳውን በግራይንደር ላነሣው ሞከርኩ። ትንሽ ስነካው የደኅናው ጥርስ ጫፍ ተፋቀ። አቆምኩ። ከቀጠልኩ ጭራሽ የማይዞር ይሆናል። መልሼ ዘጋሁት። የተማርኩትን ዓመት ሁሉ እጄ ላይ እንደ ብርጭቆ ይዤ፣ እንዳይሰበር እየፈራሁ።

ስሜነህ ጣሳውን ይዞ ጓሮ ይጠብቀኝ ነበር። ባጃጁን አጥቦታል፤ መስተዋቱ ላይ የማርያም ሥዕል ለጥፏል። እያንዳንዱን ቡሎን ከጣሳው እያወጣ ሰጠኝ። እየገጠምን ነገ ወዴት እንደሚሠራ ያወራል። መጀመሪያ መናኸሪያ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት በኋላ ሠርግ ቤት። የመጨረሻው ቡሎን እጄ ላይ ሲቀር ቆምኩ።

«ስሜነህ። በይጄዋለሁ።»

«ምኑን?»

ነገርኩት። ቶሎ ቶሎ፣ እንደ ክፍል ውስጥ፣ ስለ ዲፈረንሻል። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መታጠፊያ ላይ ነው የሚያስቸግረው አልኩት። መታጠፊያ ላይ ብቻ!

  ስሜነህ ገባና አስነሣው፣ ከግቢው ወጣ። ኮብልስቶኑ ላይ ቀጥ ብሎ ሄደ። ጥጉ ላይ መሪውን ጠመዘዘ፤ የፊቱ ጎማ ዞረ፣ ባጃጁ ግን እንደ በሬ እምቢ አለና ቀጥ ብሎ የጎረቤት አጥር ውስጥ ገባ።

እየገፋነው ስንመለስ ትርንጎ በር ላይ ቆማ ነበር። «አንድ ቃል ነበር የጠየቀህ» አለችኝ። «አንዲት ቃል። ያቺን እንኳ ትጠብቃለህ ብለን ነው። ዩኒቨርሲቲ ቃል አያስተምሩም?»

ጎንበስ ብዬ የአጥሩን እንጨት ከጎማው ላይ ነቀልኩ። 


ረቡዕ፣ ጥር 20

እንጅባራ ያሉ መለዋወጫ ቤቶች፦ የለም፣ የለም፣ «ምን ነካው?»፣ የለም።

ዳንግላ፦ «ከባሕር ዳር ይታዘዛል።» መቼ ይመጣል? ሰውዬው በእጁ ወደ መንገዱ አመለከተኝ። መንገዱን ጠይቀው ማለቱ ነው።

ተመልሼ ጫግኒ ወረድኩ፤ የወደቀ ባጃጅ አለ ብለውኝ። ሙቀት። ሹራቤን አውልቄ ይዤ ስዞር ዋልኩ። ባጃጁ አለ፣ ግን የእሱ ጥርስ የሌላ ሞዴል ነው፤ አይገጥምም። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። ምን ሆኖ ነው አለኝ። ነገርኩት።

«ለጀልባ?» አለ። «አንተ፣ የምር ለጀልባ?» ጎረቤቱን ጠራ፣ «ና ስማ እስቲ።» ለጎረቤቱም እንደገና ነገርኩ። ሁለተኛ ስናገረው ለእኔም የሞኝ ሥራ መሰለኝ። እሑድ ዕለት ግን የሞኝ ሥራ አልነበረም። ያን ዕለት ያየ ይመስክርልኝ።

በሚኒባሱ ስመለስ ከባሕር ዳር ማዘዝ ብቻ እንደቀረ አሰብኩ። ለዳንግላው ሰውዬ ደውዬ አዘዝኩ። አሁን መጠበቅ። ቅዳሜ ዕለት ሰኞን መጠበቅ ያቃተኝ ሰው ነኝ።


ሐሙስ፣ ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም

ስሜነህ ጎሕ ሲቀድ በእግሩ ነካ አደረገኝ። «ተነሥ። ረዳት ነህ።»

ባጃጅ ረዳት የለውም አልኩ በእንቅልፍ ልቤ። «የኔው አለው» አለ።

እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ቀጥታ መንገድ ላይ ምንም አይልም። ጠባብ መታጠፊያ ሲደርስ ስሜነህ ይቆማል፣ «ውረድ» ይላል። እወርዳለሁ። ተሳፋሪዎቹን «ወደ ግራ ጠጋ በሉ!» ይላቸዋል። እነሱ ወደ ግራ ሲጠጉ እኔ በቀኝ በኩል የኋላውን ጎማ ከመሬት አነሣለሁ፣ እሱ ቀስ ብሎ ይዞራል። ወደ ሌላው አቅጣጫ ከሆነ በተቃራኒው። ከዚያ ሮጬ እሳፈራለሁ። መታጠፊያ ሁሉ እንዲህ።

ማርያም ስለሆነች ሰው እንደ ጉድ ነው። እስከ እኩለ ቀን ባጃጁ ስም ወጣለት። «ጀልባው መጣ! ጀልባው!» ወደ ግራ ጠጋ፣ ወደ ቀኝ ጠጋ ስለሚባል። አንዱ ገና ሲገባ «ሾፌር፣ ዋና አልችልም፣ ቀስ እያልክ» ይላል። አንዲት እናት ደግሞ መታጠፊያ ላይ ስወርድ አዝነው «ልጄ፣ እኔ ልውረድልህ?» አሉኝ። ከሣቁብኝ ሁሉ ያቃጠሉኝ እሳቸው ናቸው።

ስሜነህ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያናገረኝ በሁለት ቃል ነው፤ «ውረድ» እና «ግባ»።

ወገቤ።


ዓርብ፣ ጥር 22

ፈረሶቹ በመንገዱ ሁሉ ናቸው። ለነገው በዓል ያልተሸለመ የለም፤ ግንባራቸው ላይ ቀይ፣ አንገታቸው ላይ ቃጭል። ጥሩ ነገር ነው ፈረስ። በራሱ ይታጠፋል።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሴቶች አሳፈርን። አንደኛዋን በጀርባዋ ነው ያወቅኋት፤ ሰላም፣ አብረን የተመረቅን፣ አሁን የሆነ ቢሮ ገብታለች። ፊቴን አዞርኩ። ከፊት ከስሜነህ ጎን ጠብቤ ስለተቀመጥኩ አላየችኝም። ጥጉ መጣ። «ውረድ።» ወረድኩ። ጎማውን አቅፌ ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ምናለ! አንተ ነህ እንዴ? ምን... ምን እየሠራህ ነው?»

 ስሜነህ በመስተዋቱ አይቷት፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር «ኢንጂነሬ ነው» አለ። «ያለሱ አልታጠፍም።»

ሴቶቹ ሣቁ። እሷም ሣቀች፤ ግን እኔን እያየች ነው፣ ልሣቅ ወይስ አልሣቅ እያለች። ስድብ ይሁን ሙገሳ እኔም አላወቅሁም። ወደ ግራ ጠጋ በሉ አልኳቸው፣ እኔው ራሴ።

ሰላም ስትወርድ «ስለ ጀልባው ሰምቼ ነበር፤ ሠራ አሉ» አለችኝ። አዎ፣ ሠራ አልኳት። «ሠርቶ ነበር» ማለት ነበረብኝ።


ቅዳሜ፣ ጥር 23

በዓሉ። ሜዳው የማይታይ እስኪሆን አቧራ። እኛ ግን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንግዳ ስናመላልስ ዋልን፤ ግልቢያውን በድምፁ ነው ያየሁት።

ከባሕር ዳር ወሬ የለም። ዳንግላ ያለው ሰውዬ ስልኩን አንሥቶ «ይመጣል» አለኝ። ምን እንደሚያመጣው አልነገረኝም።

ማምሻውን ሁለት እንግዶች ሐይቁን እንይ አሉና ጥርባ ሄድን። ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ የሚገባው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ እየወረድኩ እየወጣሁ፣ በእግሬ የሄድኩ ያህል ነው። እንግዶቹ አፋፉ ላይ ፎቶ ሲነሡ ወደ ውኃው አየሁ። ጀልባዋ ትቻት የሄድኩበት ቦታ የለችም።

 ወደ ጋሽ ቢረሳው ግቢ ሮጥኩ። ባሕር ዛፉ ሥር ናት። ባለፈው እሑድ በትከሻቸው ያወረዷት ሰዎች መልሰው በትከሻቸው አውጥተዋታል። እስከ አፏ በውኃ ተሞልታለች፤ ሁለት ጥጃዎች አንገታቸውን አስገብተው ይጠጣሉ።

ጋሽ ቢረሳው በደስታ ነው የተቀበሉኝ። «ታች ብትቀር ላሜራዋን ነቅለው ይወስዱብሃል ብዬ ነው። ሞተሩ ሲሄድ የተውካት መስሎኝ። ጥጆቹ ደግሞ ይኼን ገደል ሲወርዱ እየተንሸራተቱ...» ከዚያ ጎኗን በዱላቸው ቆርቆር አደረጉ። «እንዴት ያለች ነገር ሠራህ በማርያም! ሌት ተቀን ሞልታ አንዲት ጠብታ አታፈስም!»

እኔ እሳቸውን መቆጣት አልቻልኩም። እውነታቸውን ነው። አንዲት ጠብታ አታፈስም።

ስሜነህ ከኋላዬ ደርሷል። ጥጆቹን አየ፣ ጀልባዋን አየ። ይሥቃል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይሣቅ፣ መብቱ ነው። ጃኬቱን አውልቆ ባሕር ዛፉ ላይ ሰቀለ።

«ጋሽ ቢረሳው፣ ጥጆቹን ያዙልን እስቲ» አላቸው። ለእኔ ደግሞ «ያን ጎን ያዝ።»

ገለበጥናት። ውኃው እግራችንን አጥቦ ወደ አፋፉ ሄደ። አፏን ወደ ታች አድርገን እንጨቶቹ ላይ አስቀመጥናት፣ ዝናብ እንዳይገባባት። ጋሽ ቢረሳው ጥጆቹን እንደያዙ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ወደ ባጃጁ ስንመለስ ስሜነህ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ «አዲሱ ጥርስ ሲመጣ» አለ፣ «አሮጌውን፣ የበየድከውን፣ ለአንተ እሰጥሃለሁ።»

«ሞተር የሌለው ጥርስ ምን ያደርግልኛል?»

«እኔ ምን አውቄ? ኢንጂነሩ አንተ።»

ከማክሰኞ ወዲህ እንዲህ ረዘም አድርጎ ሲናገረኝ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ይቅር አለኝ? ገና አላለኝም መሰለኝ። የተበላሸ ጥርስ ሰጥቶ ይቅር የሚል ሰው አላውቅም። ግን ቀድሞ «ሲመጣ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «እሰጥሃለሁ»። ማታውን ሁሉ እነዚህን ሁለቱን እያገላበጥኳቸው ነው። ጫግኒ ያ የወደቀው ባጃጅ ሞተሩ ደኅና ነበር ወይ፣ ለጀልባዋ የሚሆን? ማየት ነበረብኝ፤ ያየሁት ጥርሱን ብቻ ነው።

ከጥርባ ስንነሣ እንግዶቹ ተሳፈሩ። ስሜነህ አስነሣው። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ «ውረድ» ሊል አፉን ሲከፍት እኔ ወርጃለሁ።